ስለ ዘጠነኛይቱ ኮከብ

ሰንደቅ ዓላማ ከጨርቅ የሚሠራ ነገር ነው፤ በገበያ ቢገመት ዋጋው ከአንድ ጋቢ ዋጋ አይበልጥም። ሆኖም ሰዎች ስለ እርሱ ይጣላሉ፤ ስለ እርሱ ይታረቃሉ፤ በጦር ሜዳም ይሞታሉ። እንግዲህ አንድ ሕዝብ በዚያ ጨርቅ ላይ ምን ይሣል፣ ምንስ ይቅር ብሎ ሲወስን፣ ነገሩ ለልብስ ሰፊ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የሕሊናም ጉዳይ ነው።

ዛሬ ለወጣት አንባቢዎቼ የማቀርበው ጥያቄ ሲሰሙት የሕፃናት የሒሳብ ትምህርት ይመስላል። ይኸውም፣ አንዲት ትንሽ አገር በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ስምንት ኮከብ ታኑር ወይስ ዘጠኝ? የሚል ነው። ጥያቄው እኔ ለምሳሌ ያህል የፈጠርሁት አይደለም፤ በእውነት ተነሥቶ ሰንደቅ ዓላማ ያስለወጠ ነው። ጠልቆ ለተመለከተውም ሰው፣ በሰው ማኅበር ውስጥ ማን ይቈጠራል? ማንስ ሳይቈጠር ይቀራል? ወደሚለው ታላቅ ጥያቄ ያደርሳል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አገሪቱ ቱቫሉ ትባላለች። በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ፣ በሃዋይና በአውስትራልያ መካከል የተበተኑ ዘጠኝ ደሴቶች ናት። ስማቸውም ናኑሜአ፣ ናኑማንጋ፣ ኒዩታኦ፣ ኑዪ፣ ቫይቱፑ፣ ኑኩፌታኡ፣ ፉናፉቲ፣ ኑኩላኤላኤና ኒዩላኪታ ይባላል። የዘጠኙ መሬት በአንድነት ቢደመር 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሕዝቡም ከ10 እስከ 11 ሺህ ቢሆን ነው። ተራራ የለባትም፤ ወንዝም አይፈስባትም። ከፍ ያለው ስፍራዋ ከባሕር ወለል በላይ 5 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰዎቿ ዓሣ እያጠመዱ፣ ኮኮናትና ፑላካ የሚባለውን ሥራ ሥር እየተከሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ኖረዋል።

እነዚህ ደሴቶች በእንግሊዝ ግዛት ሥር ሳሉ ኤሊስ ደሴቶች ይባሉ ነበር፤ በስተሰሜን ካሉት ከጊልበርት ደሴቶች ጋርም በአንድ አስተዳደር ይገዙ ነበር። ነገር ግን የኤሊስ ሰዎች በቋንቋና በልማድ ከጊልበርት ሰዎች የተለዩ፣ በቍጥርም ከእነርሱ ያነሱ ነበሩ። ነጻነት በቀረበ ጊዜ፣ በትልቁ ቤት ውስጥ ታናሽ ሆነን ድምፃችን እንዳይጠፋ ብለው ሠጉ። በ1974 ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ከመቶው ከ90 በላይ የሆነው መለየትን መረጠ። በኦክቶበር 1 ቀን 1978 ቱቫሉ ነጻ አገር ሆነች። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ነገር ልብ ብለህ ያዝልኝ፤ ይህች አገር የተወለደችው ታናሾች ሳይቈጠሩ መቅረትን ከመፍራታቸው የተነሣ ነው።

በዚያን ቀን የተሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ መደቡ ብሩህ ሰማያዊ ነው። በዘንጉ በኩል በላይኛው ማዕዘን የእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ ይታያል። በቀረው ሰማያዊ ላይ ዘጠኝ ቢጫ ኮከቦች ተሥለዋል። ኮከቦቹ ለማያውቃቸው ሰው እንደ ተዘራ እህል በዘፈቀደ የተበተኑ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ደሴቶቹ በካርታ ላይ ያላቸውን አቀማመጥ የተከተሉ ናቸው። ስለዚህ ከየትኛውም ደሴት የመጣ ሕፃን ሰንደቅ ዓላማውን አይቶ፣ «ያችኛዋ የእኛ ናት» ብሎ በጣቱ ሊያመለክት ይችላል። የብዙ አገሮች ሰንደቅ ዓላማ ስለ ጀግንነት፣ ስለ ልምላሜ፣ ስለ ደም መፍሰስ የሚናገር ቀለም አለው። የቱቫሉ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ስም ጥሪ ነው።

ችግሩ የመጣው ከአገሪቱ ስም ነው። ቱቫሉ ማለት በሕዝቡ ቋንቋ «ስምንት ሆነው በአንድነት የቆሙ» ማለት ነው። ደሴቶቹ ዘጠኝ ሲሆኑ ስሙ ስምንት የሚለው በምን ምክንያት ነው? ቢባል፣ ዘጠነኛይቱ ኒዩላኪታ በጥንት ዘመን ቋሚ ነዋሪ ስላልነበራት ነው። ከሁሉ በስተደቡብ ለብቻዋ የተቀመጠች፣ ስፋቷ ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ደሴት ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኒዩታኦ ሰዎች ሄደው ሰፈሩባት፤ ዛሬም የሚኖሩባት ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። በምክር ቤት የራሷ ወንበር የላትም፤ ስለ እርሷ የሚናገሩት የኒዩታኦ እንደራሴዎች ናቸው። በአገሪቱ የሥልጣን መዝገብ ውስጥ ከሌላ ጋር ተደርባ የምትጻፍ ይህች ደሴት ብቻዋን የቆመችበት አንድ ስፍራ ሰንደቅ ዓላማው ነበር።

በ1995 ያች ኮከብ ተነሣች። ስምንት የሚለው ስምና የኮከቦቹ ቍጥር ይስማሙ ተባለ። በ1996 ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትር ካሙታ ላታሲ መንግሥት ጊዜ ሰንደቅ ዓላማው ከነመልኩ ተለወጠ፤ የእንግሊዙ ምልክት ወጣ፤ በፈንታው ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ መስመሮች፣ የአገሪቱ አርማና ስምንት ኮከቦች ያሉበት አዲስ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። ለውጡ በብዙዎች ዘንድ አልተወደደም። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥቱ ተለወጠ፤ በ1997 በጠቅላይ ሚኒስትር ቢኬኒቤኡ ፓኤኒኡ ጊዜ የቀድሞው ሰንደቅ ዓላማ ከዘጠኝ ኮከቦቹ ጋር ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም ያለው እርሱ ነው።

የእንግሊዙ ምልክት መመለስ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? የሚለው ክርክር ሌላ ነው፤ ስለ እርሱ ቅን ሰዎች በሁለቱም ወገን ሊቆሙ ይችላሉ። ነጻ የወጣ ሕዝብ የቀድሞ ገዢውን ምልክት በማዕዘኑ ላይ ሊሸከም አይገባውም የሚል ሰው ጠንካራ ምክንያት አለው። ያ ጥያቄ ግን ቤታችን የማን ነው? የሚል ጥያቄ ነው። የኮከቢቱ ጥያቄ ወንድማችን ማን ነው? የሚል ነውና፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከተለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ፍርድ ከመስጠት በፊት የተቃዋሚን ቃል በሚገባ ማድመጥ የጨዋ ሰው ልማድ ነውና፣ ስምንት ይሁን ያሉት ሰዎች ምን ሊሉ እንደሚችሉ እንመልከት። አንደኛው ምክንያት የአባቶችን ቃል መጠበቅ ነው። ስሙን ያወጡት አባቶች ስምንት ብለዋል፤ ስም ደግሞ ከሰንደቅ ዓላማ ይቀድማል፤ በስሙ ስምንት ተብሎ በምልክቱ ዘጠኝ ቢባል፣ አገሪቱ በራሷ ላይ እንደምትመሰክር ይሆናል። ይህ ቃል ቀላል አይደለም። የአባቱን ቃል የማያከብር ሕዝብ የራሱን ቃልም አያከብርም።

ነገር ግን አባቶች ያሉት ምን እንደ ሆነ በሚገባ መርምሩት። «ስምንት ደሴቶች» አላሉም፤ «ስምንት ሆነው የቆሙ» አሉ እንጂ። የቈጠሩት የቆሙትን ነበር። በዘመናቸው ሰው ቆሞ የሚገኝባቸው ስምንት ነበሩ፤ እነርሱም አንዱን ሳያስቀሩ ስምንቱንም ቈጠሩ። ዛሬ በዘጠነኛይቱ ላይ ሰው ቆሟል። የአባቶችን ቃል የሚጠብቅ ማን ነው? ቍጥራቸውን የያዘው ነው ወይስ አቈጣጠራቸውን? አባቱ የሰባት ልጆች ቤት ሠርቶለት የሞተ ሰው፣ ስምንተኛ ልጅ በተወለደለት ጊዜ፣ አባቴ ለሰባት ነው የሠራው ብሎ ሕፃኑን በደጅ ቢያሳድረው፣ አባቱን አከበረ እንለዋለንን? ስም የጥንቱን ዘመን ያስታውሳል፤ ኮከቦቹ የዛሬውን ይመሰክራሉ። ሁለቱ በአንድ ቍጥር አለመስማማታቸው እንደ ስሕተት ሊቈጠር አይገባም፤ ከጊዜ በኋላ አንድ እንግዳ መጥቶ ቤተኛ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት የመጠን ነው። በፉናፉቲ ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው ይኖራል፤ መንግሥቱም፣ የአውሮፕላን ማረፊያውም ያለው በዚያ ነው። በኒዩላኪታ ያሉት በአንድ የሠርግ ዳስ ውስጥ ይበቃሉ። ለሁለቱም እኩል ኮከብ መስጠት ከፍትሕ ይስማማልን? የሚል ሰው አይጠፋም።

ይህን ለመመለስ በመምህርነት ዘመኔ በየጧቱ እሠራው የነበረውን አንድ ሥራ ልጥቀስ። መዝገብ ከፍቼ ስም እጠራ ነበር። በትምህርቱ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ስሙ በአንድ መስመር ተጽፏል፤ ከሁሉ ኋላ የሚቀረውም ስሙ በአንድ መስመር ተጽፏል። ለአንደኛው ሁለት መስመር፣ ለመጨረሻው ግማሽ መስመር የሚሰጥ መዝገብ አላየሁም። የፈተና ውጤት በሚሰጥበት ቀን ግን ልዩነታቸው በሚገባ ይታወቃል፤ ያም ትክክል ነው። እንግዲህ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት አቈጣጠር አለ። አንደኛው የሚዛን ነው፤ ስንት ትመዝናለህ? ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው የመዝገብ ነው፤ አለህን? ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ግብር ሲጣል፣ እህል ሲከፋፈል፣ እንደራሴ ሲመረጥ የሚዛኑ አቈጣጠር ያስፈልጋል። ሰንደቅ ዓላማ ግን መዝገብ ነው። መዝገቡን ሚዛን ያደረገው ሰው ሁለቱንም ያበላሻል።

ደግሞም የአንድ ስፍራ ታናሽነት ከየት እንደ መጣ ሁልጊዜ አይታወቅም። ኑኩላኤላኤ የምትባለውን ሌላይቱን ትንሽ ደሴት ተመልከቱ። በ1861 ኤሌካና የሚባል የማኒሂኪ ደሴት ዲያቆን በታንኳ ሲጓዝ ማዕበል ወስዶት ብዙ ቀን ከተንከራተተ በኋላ በዚህች ደሴት ላይ ተጣለ፤ የክርስትና ትምህርትም ወደ እነዚያ ደሴቶች የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ መላው አገር የሚኖርበትን ሃይማኖት አስቀድማ የተቀበለችው ታናሺቱ ነበረች። ሁለት ዓመት ቈይቶ፣ በ1863፣ ከፔሩ ባሪያ ፈንጋዮች በመርከብ መጡ። ከኑኩላኤላኤና ከፉናፉቲ ብዙ መቶ ሰዎች አታልለው ወሰዱ፤ ከኑኩላኤላኤ ሕዝብ አብዛኛው ተወሰደ፤ ከሄዱትም የተመለሰ የለም ማለት ይቻላል። በማግሥቱ አንድ ቈጣሪ መጥቶ፣ «እዚህ ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ኮከብ አይገባቸውም» ቢል ኖሮ፣ የፈንጋዮቹን ሥራ ባልፈጸመላቸውን? የተዘረፈውን ሰው ድኻ ነህ ብሎ ከማኅበር ማስወጣት ሁለተኛ ዝርፊያ ነው።

ለዚህ ነገር ተቃራኒ የሆነ ምሳሌ በዚያው ውቅያኖስ ይገኛል። ከቱቫሉ በስተሰሜን ምዕራብ ናውሩ የምትባል፣ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነች ደሴት አለች። በ1968 ነጻ ስትወጣ የሰቀለችው ሰንደቅ ዓላማ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ በመካከሉ ቀጭን ቢጫ መስመር አለው፤ እርሱም የምድር ወገብ ነው። ከመስመሩ በታች አሥራ ሁለት ጫፍ ያላት አንዲት ነጭ ኮከብ አለች፤ አሥራ ሁለቱ ጫፎች የደሴቲቱ አሥራ ሁለት ነገዶች ናቸው። ነገር ግን ከእነዚህ መካከል ኢሩትሲና ኢዊ የሚባሉት ሁለቱ ነገዶች ዘራቸው ጠፍቷል። ኮከቢቱ ግን እስከ ዛሬ አሥራ ሁለት ጫፍ አላት። በክፍል መዝገብ ላይ የቀረ ልጅ ስሙ ሲጠራ መልስ ባይሰጥም ስሙ አይፋቅም። ናውሩዎች ለሞቱት ነገዶች ያደረጉት እንዲሁ ነው። አንዲት ደሴት የሞቱትን ቈጥራ ስታኖር፣ ሌላይቱ በሕይወት ያሉትን ለአጭር ጊዜ ሳትቈጥር ቀርታ ነበር።

«ኮከቢቱ ብትነሣ በኒዩላኪታ ላይ ምን ጕዳት ደረሰ? ዓሣው ከባሕሩ አልጐደለ፤ ኮኮናቱም አልደረቀ፤ ምልክት ምልክት ብቻ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እርግጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ አንድም ሰው ከቤቱ አልተባረረም። ነገር ግን ክፉ ሥራ ሁሉ አስቀድሞ በምልክት ይለማመዳል። የቤተ ሰብ ስም ሲጠራ የሚዘለል ልጅ ውሎ አድሮ በምሳም ጊዜ ይዘለላል። ከሥዕሉ የወጣው ሰው ነገ ከበጀት ቢወጣ ማንም ልብ አይለውም፤ ዓይን እርሱን አለማየት ለምዷልና።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር እንምጣ። የዓለም ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ የባሕር ወለል ከፍ ይላል፤ ዝቅተኛ ደሴቶችም ጨዋማ ውሃ እየገባባቸው ነው። በ2021 የቱቫሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይመን ኮፌ፣ ለዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ጉባኤ የላኩትን ንግግር ሙሉ ልብስ ለብሰው እስከ ጕልበታቸው ድረስ በባሕር ውሃ ውስጥ ቆመው ተናገሩ። ከአውስትራልያ ጋር በተደረገውና በ2024 በጸናው ውል መሠረት በየዓመቱ እስከ 280 የሚደርሱ የቱቫሉ ሰዎች ወደዚያ ሄደው መኖር ይችላሉ። በ2023 የጸናው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት፣ በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት መሬቷ እንኳ ቢጠፋ ቱቫሉ መንግሥትነቷ ለዘላለም እንደሚኖር ያውጃል።

እንግዲህ አስቡት፤ ዛሬ ቱቫሉ በዓለም ፊት ያላት ስፍራ፣ ኒዩላኪታ በቱቫሉ ፊት የነበራት ስፍራ ነው። ዓለም በሚዛን ቢቈጥር ኖሮ 26 ካሬ ኪሎ ሜትርና 11 ሺህ ሰው ምን ያህል ይመዝናል? «በአንድ ትልቅ ከተማ ሠፈር ውስጥ ይበቃሉ፤ ስለ እነርሱ ፋብሪካችንን አናቆምም» የሚል ኀያል መንግሥት፣ ስለ ኒዩላኪታ የተባለውን ያንኑ ቃል ይናገራል። በ2000 የተባበሩት መንግሥታት ቱቫሉን 189ኛ አባል አድርጎ ሲቀበላት በሚዛን አልመዘናትም፤ በመዝገብ ስሟን ጻፈ እንጂ። ታናሽነት ከመቈጠር የማያስቀር መሆኑን ለዓለም የምታስረዳ አገር፣ አስቀድማ በገዛ ሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ልታስረዳው ይገባታል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ኮከቢቱን በ1997 መልሰው በሰፉ ጊዜ፣ ዐውቀውትም ይሁን ሳያውቁት፣ ነገ በራሳቸው ላይ የሚሰፈርበትን ቁና አስተካከሉ።

ሕገ መንግሥቱ ያወጀው ነገር ደግሞ ለክርክራችን የመጨረሻውን መልስ ይሰጣል። መሬት ቢጠፋም መንግሥት ይኖራል ማለት፣ ኮከብ የተሠራው ለአፈር ሳይሆን ለሰው ነው ማለት ነው። ኮከብ ለአፈር ቢሆን ኖሮ፣ አፈሯ ጥቂት የሆነችው ደሴት ኮከብ አይገባትም ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ከሆነ ባሕሩ ከፍ ባለ ቍጥር ከሰንደቅ ዓላማው ላይ ኮከብ በኮከብ እየነቀሉ መጣል ሊያስፈልግ ነው። ኮከብ ለሰው ከሆነ ግን፣ በዚያ ላይ ቆሞ የነበረ ሰው፣ ወይም ያ ሰው ቤቴ ብሎ የጠራው ስም እስካለ ድረስ፣ ማንም መቀስ ሊያነሣበት አይችልም።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ አንተ ምናልባት የአገር ሰንደቅ ዓላማ እንድትሥል አትጠየቅ ይሆናል። ነገር ግን መዝገብ መያዝህ አይቀርም። የእድር፣ የማኅበር፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የቤተ ሰብ ስም ዝርዝር አንድ ቀን በእጅህ ይገባል። በዚያን ጊዜ ዝርዝሩ ከጥንቱ ስም ጋር እንዲስማማ፣ ወይም ለዓይን እንዲያምር ብለህ፣ አንዱን ታናሽ ለመዝለል ትፈተናለህ። የሚዘለለውም ሁልጊዜ ሩቅ ያለው፣ ጥቂት የሚናገረው፣ በሌላ ሰው አፍ የሚከራከረው ይሆናል። ስለዚህ ብዕርህን ከማንሣትህ በፊት ከዳር ጀምረህ ቍጠር። ወደ መካከል ያሉትን የሚረሳቸው የለም።